ከ60 ችግኝ 26 ቀሩኝ፦ የአንድ ድሬ ችግኝ ጣቢያ ጉዳይ

ደረሰኙ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሰኔ 24 ቀን 2016፣ 60 ችግኝ፣ 2,190 ብር። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ 26 ብዬ ጽፌበታለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ግቢውን ዞሬ ስቆጥር በሕይወት ያገኘኋቸው ናቸው። 60ው እንዴት 26 ሆነ፣ ጥፋቱስ የማን ነው፣ እሱን ላውራችሁ።

የጣቢያውን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። የማማርርበት ነገርም እነሱ ጋ ብቻ ያለ አይመስለኝም። ድሬና አካባቢዋ ችግኝ ሊገዛ የሚነሳ ሰው የትም ቢሄድ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው። ችግኝ እንደ ጫማ ገዝተው በማግስቱ አስተያየት የሚሰጡበት ዕቃ አይደለም። በጋ ካላለፈበት ምን እንደገዛችሁ አታውቁም። እኔ አንድ በጋ ጨርሼ ሁለተኛውን አጋምሻለሁ፣ ስለዚህ አሁን አፍ አለኝ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ከመልካ ጀብዱ ወጣ ብሎ 2,000 ካሬ ሜትር የምትሆን ቦታ ያዘ። ወዲያው ሰው ቀጥሮ ቁጥቋጦውን በሙሉ አስመነጠረ። ቦታው «ንጹህ» እንዲሆን ነው። ማንጎ ሊተክልበት አስቦ ነበር። ማንጎው ሳይተከል እሱ አለፈ፣ ቦታው ለዓመታት የሰፈሩ ፍየል መዋያ ሆኖ ቀረ። እናቴ «የአባትሽ በረሃ» ነው የምትለው። ቀላ ያለ አሸዋ፣ ጠጠር፣ መሃል ለመሃል ጎርፍ የቦረቦረው አንድ ቦይ፣ እዚህም እዚያም ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶ። ጉቶዎቹን ልብ በሉልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ዝናቧ በዓመት ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ የሚመጣውም በሁለት ዙር ነው፣ በበልግና በክረምት። ቁጥሩን ብቻ ላየው አያስፈራም። የሚያስፈራው አመጣጡ ነው። ሁለት ቀን ይወርድና ሃያ ቀን ይጠፋል። ከላይ ተራራው ላይ የዘነበውም መሬት ሳይገባ በአሸዋው ወንዝ ተንደርድሮ ያልፋል። በ1998 ክረምት ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ ወስዶብናል። አንዱ ምክንያት ተራራው ውሃ የሚይዝለት ተክል ስለሳሳበት ነው። የተረፈውን እርጥበት ደግሞ ፀሐይዋ ትመልሰዋለች። እዚህ የሚተከል ዛፍ እንግዲህ ሥራው አንድ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ሥሩን ፀሐይ የማትደርስበት ጥልቀት ላይ ማድረስ አለበት። ቅጠሉ ቆይቶ ይደርሳል።

ይሄን ያኔ አላውቅም ነበር። ያኔ የማውቀው ቅጠል ማየት ብቻ ነው።

ጣቢያው ስገባ ልቤ ጠፋ። ውጭው እሳት ነው፣ ውስጥ በጥላ መረቡ ስር እርጥብ አፈር ይሸታል። መደቦቹ በመስመር ናቸው። ላስቲኮቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። ቅጠሉ ሁሉ አሁን የታጠበ ጎመን ይመስላል። አንድ ወጣት ሻጭ ተቀበለኝ። ቀልጣፋ ነው፣ ያስቃል፣ ዋጋ ላይ አያጭበረብርም። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ስለደረስኩ ሳይሰለች አብሮኝ ዞረ። መስተንግዶ ላይ አንድም ነገር አልቀንስባቸውም። የጎደለው ነገር መደቦቹ ላይ ስም አለመኖሩ ነው። በየመደቡ «ይሄ ምንድነው?» ትላላችሁ፣ እሱም ግራ ሲገባው «ግራር ነገር ነው» ይላችኋል። «ግራር ነገር» የሚባለው ስንት ዓይነት ዛፍ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ገብቶኝም ቢሆን በጄ የሚቀር ብር የለም።

ከጥግ በኩል አንድ ሸምገል ያሉ ሠራተኛ ውሃ ያጠጣሉ። ልጁ ረዣዥሙን እየመረጠ ሲያወጣልኝ አይተው ማጠጫቸውን ይዘው ቀረብ አሉ።

«የት ልትተክዪው ነው?»

«መልካ ጀብዱ ነው ጋሼ።»

«ውሃ አለሽ?»

«በጋሪ አስመጣለሁ። በሳምንት አንዴ።»

«አጥርስ?»

«አሁን አሳጥራለሁ።»

ሳቁ። «አቦ አንቺ ልጅ፣ ብርሽን ያዢው። መጀመሪያ አጥሪና አንድ ክረምት ዝም ብለሽ ቁጭ በዪ። ከዚያ ትመጫለሽ።»

ልጁ «ኧረ ጋሼ፣ ደንበኛ አያባርሩብን!» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ስቄ ስጨርስ 60 ችግኝ ገዛሁ።

የገዛሁት ይሄን ነው። 12 ኒም፣ 10 ዳዳቻ (ያ ጥላው እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋው ግራር)፣ 10 ገርቢ፣ 10 ሽፈራው፣ 8 ሮቃ፣ 6 ቁርቁራ፣ 4 የድሬዳዋ ዛፍ። ርካሹ ሽፈራው ነው፣ 25 ብር። ውዱ የድሬዳዋ ዛፍ ነው፣ 60 ብር። ለጭነት ባጃጅ 400 ብር ከፈልኩ። ባጃጁ ላይ ሲጫኑ አጭሩን ከስር፣ ረዥሙን ከላይ አድርገው በጥንቃቄ ነው የደረደሩልኝ። መንገድ ላይ አንድም አልተሰበረም።

በነገራችን ላይ አገሩ ሁሉ በእኛ ስም የሚጠራው ያ ቀይ አበባ ያለው «የድሬዳዋ ዛፍ» ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ኒሙም ከህንድ በኩል የመጣ ነው። ድሬ በጥላዋ የምትወደስ ከተማ ናት፣ ጥላዋ ግን እንግዳ ይበዛበታል። እንግዳ መሆኑ ነውር የለውም። ከዚራ ሰፈር መንገድ ዳር ቆመው ያደጉት ሰው ተንከባክቧቸው፣ ውሃ ጠጥተው ነው። በእናቴ አባባል «የቤት ልጆች» ናቸው። የአባቴ በረሃ ላይ ግን ቧንቧ የለም። አራት የድሬዳዋ ዛፍ ተክዬ አንድ ነው የቀረኝ፣ እሱም አበባውን ሳላይ የማረጅበት ይመስለኛል።

ከሁሉ ያናደደኝን ነገር አሁን ልንገራችሁ።

ተክዬ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በችግኞቹ ስር፣ ከላስቲኩ ጋር በመጣው አፈር ላይ፣ ሌላ ቡቃያ ብቅ አለ። አንድ ሁለት አይደለም፣ 19 ጉድጓድ ላይ። ቅጠሉ ግራር ይመስላል። ገበያ ለምደን የለ፣ ምርቃት የሰጡኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። 35 ብር የከፈልኩበት ገርቢ አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱ በየቀኑ ይመዘዛል። እኔም ለሁለቱም እኩል አጠጣለሁ። አንድ ቀን ግመል የሚነዳ ጎረቤቴ ሲያልፍ ቆመ። አጥሩ ላይ ተደግፎ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ገረንዋ!» አለኝ። በሶማሊኛ «ያልታወቀው» እንደማለት ነው። እኛ ፕሮሶፒስ የምንለው፣ ያ መሬት የሚወርር እሾሃማ ዛፍ ነው። ገዝቼ፣ በባጃጅ አስጭኜ፣ ውሃ አጠጥቼ ፕሮሶፒስ እያሳደግኩ ነበር።

እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። የላስቲኩ አፈር ሲደባለቅ የፍየል በጠጥ ይገባበታል፣ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ፍየሏ ደግሞ የፕሮሶፒስን ፍሬ ትወዳለች፣ ጣፋጭ ነው። ውስጡ ያለው ዘር ቆዳው እንደ ድንጋይ ነው። ሆዷ አይፈጨውም፣ እንዲያውም ያለሰልሰዋል። ከዚያ ከነማዳበሪያው ትጥለዋለች። ዘሩ በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ አመላለስ አያገኝም። ችግኝ ጣቢያው ደግሞ ያንን በጠጥ ሰብስቦ፣ በላስቲክ ሞልቶ፣ ጠዋት ማታ አጠጥቶ ለየሰው ቤት ያድላል።

የሚያስቀው (ለእኔ አያስቅም) ይሄ ዛፍ ወደ አገራችን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲገባ ከመጀመሪያ ማረፊያዎቹ አንዱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጎሮ ያለው ችግኝ ጣቢያ ነበር። እኔ የገዛሁበት እሱ አይደለም። ያኔ ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በረሃ የሚችል፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ማገዶ የሚሆን ዛፍ ፈልገው ነው። ያሉት ሁሉ ደግሞ እውነት ሆነ። ሞት አያውቅም። የዚህ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥር አሜሪካ አሪዞና ውስጥ በማዕድን ቁፋሮ ሲገኝ 53 ሜትር ወርዶ ነበር። አፋር ላይ ብቻ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይዟል። ጥቅጥቅ ሲል ከስሩ ሳር አይበቅልም፣ አዋሽ ዳር የነበረው የከብት ግጦሽ እየተዋጠ ነው። ኬንያ ባሪንጎ ያሉ አርብቶ አደሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥታቸውን ፍርድ ቤት ገትረዋል። ፍሬውን ስትበላ ኖራ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ለዳኛ ማስረጃ አድርገው ነው የቀረቡት። ፍየሏን እያሰብኩ 19ኙንም በእጄ ነቀልኩ። ጣቴን የወጋኝ እሾህ ለአንድ ሳምንት አመረቀዘ።

ለሚገዛ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ላስቲኩ ውስጥ ከገዛችሁት ሌላ ቡቃያ ካያችሁ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ከነሥሩ ንቀሉ። ጣት የምታክል ሳለች ትነቀላለች። ዓመት ካለፋት ብትቆርጧት ከጉቶዋ አሥር ሆና ነው የምትነሳው። የምታቆጠቁጥበት ቦታ ከአፈር በታች ስለሆነ ከስር ተቆፍራ ካልወጣች በቀር አትለቅም። ጣቢያው ደግሞ በጠጡን ሳያብላላ ባይደባልቅ፣ ቢያንስ መደቡን በየሳምንቱ ቢያርም ምን ነበረበት?

ወደ ሞቱት ልመለስ። 34 ሞተዋል። ሁሉንም በጣቢያው አላሳብብም። ሰባቱን ፍየል በአንድ ሌሊት ጨረሰቻቸው። አጥሩን በአንድ በኩል ክፍት ትቼ «ነገ» ያልኩ እኔ ነኝ። አራቱን ምስጥ በላ። የቀሩት 23 ቆመው ደረቁ። ጥቅምት ላይ ማዘን ጀመሩ፣ ጥር ላይ አለቁ።

ለምን እንደደረቁ አላወቅኩም። ውሃ እንዳነሳቸው አይደለም፣ ምክንያቱም አጠገባቸው እኩል የሚጠጡ አሉ። ታዲያ አንድ እሁድ ዶማ ይዤ ሄድኩና የደረቁትን አንድ በአንድ ቆፈርኩ። ሬሳ ምርመራ በሉት። ከ23ቱ 15ቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሥሩ የላስቲኩ ታች ሲደርስ መውጫ አጥቶ ዞሯል። ደግሞ ዞሯል። አንዱ ዳዳቻ ላይ አራት ዙር ቆጠርኩ፣ እንደ ተጠቀለለ ሽቦ ነው። መሬት ውስጥ ዓመት ሊሞላው ወራት ሲቀሩት የላስቲኩን ቅርጽ ይዞ ቁጭ ብሏል። ላስቲኩ ከወጣለት ቆይቷል፣ እሱ ግን ያለ ይመስለዋል። አባቴ ጡረታ ወጥቶም በባቡሩ ፊሽካ ሰዓት ነበር የሚነሳው፣ እሱን አስታወሰኝ።

ግራር ሜዳ ላይ ከዘሩ ሲበቅል መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ታች ነው። ከላይ ጣት የምታክል ሆኖ ስታዩት ከታች ክንድ ሙሉ ወርዷል። ላስቲኩ ያንን ይከለክለዋል። ስለዚህ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ጊዜ ገደብ አለው። ለሰኔ የሚሸጥ ግራር ከጥቂት ወራት በላይ እዚያ መክረም የለበትም። ከከረመ ደግሞ ላስቲኩን እያነሱ ከስር የወጣውን ሥር መቁረጥ ያስፈልጋል። እኔ የገዛኋቸው ረዣዥሞች ሳይሸጡ የከረሙ፣ ምናልባትም የአምናዎቹ ናቸው። ረዥም ስለሆኑ መረጥኳቸው። ከአሥሩ ዳዳቻ ስድስቱ ወገቤ ድረስ ነበሩ፣ አራቱ ልጁ «ሌላ አልቀረም» ብሎ ያሟላልኝ ድንክዬዎች። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ከድንክዬዎቹ ናቸው።

ሌላው ጥፋት አለማለማመድ ነው። ጠዋትና ማታ እየጠጣ፣ ጥላ ስር ያደገን ችግኝ በአንድ ቀን አውጥቶ የመልካ ጀብዱ ፀሐይ ላይ መትከል ጭካኔ ነው። ከመሸጡ ሳምንታት በፊት ጥላው ሊነሳለት፣ ውሃው ሊቀነስለት ይገባ ነበር። ያን ጊዜ ቅጠሉ ትንሽ ይጠነክራል፣ ያን ያህል አረንጓዴም አይሆንም። ያልተለማመደውን የምታውቁት በማማሩ ነው። እንደዚያ የሚያምረውን እለፉት።

ዓይነት በዓይነት ካላችሁኝ፣ ኒም 9 ከ12 ቀረልኝ፣ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለም፣ ይችላል። ሮቃ ከስምንቱ ሁለት። ሮቃን ለመጠጡ ብዬ ነው የገዛሁት፣ ግን አዝጋሚ ዛፍ ነው፣ የልጅ ልጅ ይጠጣው። ሽፈራው ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። «ሽፈራው» ብለው የሸጡልኝ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ግንዱ ከስር ወፈር ያለ ነው፣ የኮንሶው ነው። ግማሹ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ ቀጭን ነው፣ የህንዱ ነው። የኮንሶው ከአምስቱ አራት ቆመውልኛል፣ የህንዱ ከአምስቱ አንድ። ከአንድ ግቢ ተነስቼ አዋጅ አላውጅም። ግን ኮንሶ ደረቅ ተራራውን በድንጋይ እርከን ይዞ፣ ያንን ቅጠል እንደ ጎመን እየበላ የኖረ ሕዝብ ነው። ምክንያት ሳይኖረው አልመረጠውም።

ገርቢ ከአሥሩ አራት። እሱ ላይ ተስፋ አልቆርጥም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላው መሃል ገርቢ ካገኘ አይቆርጥም። ሌላው ዛፍ በክረምት ሲያጠላ ገርቢ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ደግሞ ይለብሳል። ለማሽላው ፀሐዩን ትቶለት፣ ረግፎ የበሰበሰውን ቅጠል አፈር ያደርግለታል። ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሐረርጌ ደጋ ላይ ሲለካ ከገርቢ ስር ያለው በቆሎና ማሽላ ከስሩ ካልሆነው በአማካይ 56 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። እናቴ ይሄን ስነግራት «የእኔ አያት ሳይለኩም ያውቁ ነበር» አለች።

ለጉድጓዱ ግማሽ ጨረቃ ነው የሠራሁት። አፉ ወደ ዳገቱ፣ ጀርባው ወደ ቁልቁለቱ የዞረ የአፈር ክትር ነው፣ የሚወርደውን ጎርፍ አቁሞ ለችግኙ ያጠጣለታል። በበጋ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ደፋሁላቸው፣ ለስድስቱ ደግሞ ሸክላ ማሰሮ ቀበርኩላቸው። ሸክላው በላበቱ ቀስ እያለ ያጠጣል። ማሰሮ ከደረሳቸው አንድም አልሞተብኝም። ግን ማሰሮው ከችግኙ ይወደዳል፣ ስለዚህ ለምትወዱት ዛፍ ብቻ።

እንግዲህ ጉቶዎቹ።

ፍየሎቹ ሰባቱን ከበሉ በኋላ እልህ ያዘኝና ቦታውን ዙሪያውን በእሾህ አሳጠርኩ። (የፕሮሶፒስ ቅርንጫፍ ነው፣ ፍሬ የሌለበት። ለዚህ ለዚህስ ጎበዝ ነው።) መጀመሪያ የመጣው ሳር ነው። ማንም አልዘራውም፣ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። ቀጥሎ አባቴ ያስቆረጣቸው ጉቶዎች ማቆጥቆጥ ጀመሩ። ለካ አልሞቱም። በየዓመቱ ያወጡትን ቅጠል ፍየል እየቀጠፈች በጉቶነት ቀርተው እንጂ ሥራቸው ከታች ሙሉ ነው። 11 ቆጠርኩ፣ ሰባት ቁርቁራና አራት ዳዳቻ። ከየጉቶው ሃያ ሠላሳ ቀንበጥ ሲወጣ ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሁለት እየተውኩ ሌላውን ገረዝኩ። ያደረግኩት ይሄ ብቻ ነው። አንድ ሃይላንድ ውሃ አላጠጣኋቸውም።

አሁን 40 ብር የከፈልኩበት ቁርቁራ ጉልበቴን አላለፈም፣ እሱም ከስድስቱ ሁለቱ ቀርተው ነው። ያልከፈልኩበት ቁርቁራ ግን እጄን ዘርግቼ ጫፉን አልነካውም። ፍሬም ይዟል። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል፣ ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ደጅ በስኒ እየሰፈሩ የሚሸጡልን ያ ፍሬ።

ይሄ እኔ ያገኘሁት ጥበብ አይደለም። ኒጀር ውስጥ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ማሳቸው ላይ ያለውን ጉቶ ከመንቀል ይልቅ እየገረዙ በማሳደግ ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት ዛፍ አልብሰዋል። እኛም ጋ ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ወደ 2,700 ሄክታር የሚሆን የተራቆተ ተራራ ከልለው በዋናነት ከጉቶው አስነስተውታል። ጋሼ ማጠጫቸውን ይዘው በሁለት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝም ይሄንኑ ነው። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ችግኝ ከሚሸጥ ቤት «አትግዢ» የሚል ምክር ይወጣል ብሎ ማን ይጠብቃል?

በጥር መጨረሻ ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። የተጠማዘዘውን ሥር በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት፣ ልጣላ። ልጁ ሥሩን አገላብጦ አየ፣ አልተከራከረም። «እህቴ እውነትሽን ነው፣ የከረመ ነው» አለና 12 ችግኝ በነጻ ሊተካልኝ ተስማማ። የጠበቅኩት ክርክር ነበር፣ ትንሽ ቅር ሁሉ አለኝ። ከዚያ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ያን ቀን ስንዝር የማትሞላውን አውጥቼ ብሰጥሽ ትገዢኝ ነበር?»

ዝም አልኩ። አልገዛም ነበር። «ይሄን አረም ነው የምትሸጥልኝ?» ብዬ ሌላ ጋ ነበር የምሄደው። ሰው ቁመት ይገዛል፣ እነሱም ቁመት ያመርታሉ። ለአረንጓዴ አሻራ በብዛት የሚወስደውም አካል ቁጥር ነው የሚጠይቀው አለኝ፣ ሥር ቆፍሮ ያየ ገዢ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ይሄን ሲለኝ ኮራሁ ወይስ አፈርኩ፣ አላወቅኩትም።

ምትኬውን አሁን አልወሰድኩም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ሁለት ሦስቴ አፈሩን ካራሰው በኋላ እወስዳለሁ፣ ዘንድሮ የተዘራ፣ ከስንዝር ያልበለጠ፣ ሁሉም ገርቢና የኮንሶ ሽፈራው። ተስማምተናል፣ በልጁ ደብተር ላይም አጽፌያለሁ።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለመስተንግዶ አምስት፣ ለዋጋ አራት፣ ለችግኙ ሁለት። ለበጠጡ ዜሮ። ስትሄዱ ላስቲኩን ገልብጣችሁ ከስር እዩት። ሥሩ ወፍሮ ቀዳዳውን ሰብሮ ከወጣ ተዉት። «አንዱን ቀዳችሁ አሳዩኝ» በሉ፣ የአንድ ችግኝ ዋጋ ከፍላችሁም ቢሆን ይቀደድ። እምቢ ካሉ ሌላ ጋ ሂዱ።

ስወጣ ጋሼ በር ላይ አገኙኝ።

«አጠርሽ?»

«አጥሬያለሁ ጋሼ።»

«እና?»

«ቁርቁራው በለጠኝ።»

«ለእኔ ፍሬውን አታመጪም ታዲያ?»

አንድ ሃይላንድ ሙሉ ለቅሜ ላኩላቸው። እሳቸውን ማግኘት የምትፈልጉ ጠዋት ሂዱ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት። ከዚያ በኋላ በርጫ ነው፣ ማጠጫው እንኳ ከመደቡ አይነሳም።